ጨሞጋ የወሰዳቸው ሐኪም

ቁይ፣ ሰኔ ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፫ ዓ.ም.

ውድ መምህሬ ሐኪም ፍሥሐ፣

ለሞተ ሰው ደብዳቤ አይጻፍም ይሉኛል። እኔ ግን ሦስት ዓመት ያህል በልቤ ከእርስዎ በቀር የማወራው ሰው ስላልነበረኝ፣ የሆነውንም የምነግረው ለእርስዎ ነው።

ከአርበኞቹ ጋር በዓባይ በረሃ ዋሻ ውስጥ ስንኖር ቁስል ማጠብ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። አዲስ አበባ ከፈረንጅ ሐኪም የተማሩትን ሳይሰስቱ ሰጡኝ። “የብርጓል፣ ቁስሉን ከማየትሽ በፊት አሽትቺው፤ አፍንጫ አይዋሽም” ይሉኝ ነበር። ሲያስተምሩኝ የሽንብራ ቆሎ ይቆረጥማሉ። ስሳሳት አይቆጡም፤ መቆርጠሙን ብቻ ያቆማሉ። ያን ጊዜ እደነግጣለሁ።

በነሐሴ ፲፱፻፴ ወንድሜ ደምለው በጥይት የቆሰለ እግሩ መሽተት ጀመረ። መድኃኒት አልቆብን ነበር። ደብረ ማርቆስ ከተማ ሄደው እንዲያመጡ የለመንኩዎት እኔ ነኝ። በጠላት ሐኪም ቤት ጠርሙስ የሚያጥበው ጀምበሩ በስውር መድኃኒት እንደሚያወጣልዎት የምናውቀው ሁለታችን ብቻ ነበርን።

“ስሙ ከአፍሽ ቢወጣ ይሰቅሉታል” አሉኝ። “ሦስት ልጆች አሉት። ማዪልኝ።”

“ማርያምን፣ አይወጣም” አልኩዎት።

በሦስተኛው ቀን ጨሞጋ ወንዝ ዳር ጠበቅኩዎት። ድልድዩን ጠላት ስለሚጠብቀው በእግር መሻገሪያው በመልካው ነበር የሚሻገሩት። እኛ ዘንድ ፀሐይ ነበር፤ ጮቄ ተራራ ላይ ግን ሰማዩ ጠቁሯል። የመድኃኒቱን ኮሮጆ በራስዎ ላይ ተሸክመው ወንዙን አጋመሱ። ውሃው ገና ከጉልበትዎ አላለፈም። ከላይ የሚመጣውን የጎርፍ ድምፅ ቀድሜ የሰማሁት እኔ ነኝ። ይመለሱ ልበል፣ ይሩጡ ልበል፣ ቃል ጠፋኝ። ደራሹ ግንድና ቋጥኝ እያንከባለለ መጣ። ቀና ብለው አዩኝ፤ ከዳሩ እንድርቅ በእጅዎ አመለከቱኝ። ከዚያ በኋላ የማየው ውሃ ብቻ ሆነ። ያን ዕለት ከታች ያለውን መንደር ከነከብቱ ጠረገው። ሬሳዎን ሁለት ቀን ፈልጌ አጣሁት።

ለአለቃችን ለፊታውራሪ አንሙት “ከማርቆስ ሲመለሱ ጨሞጋ ወሰዳቸው” ብዬ ነገርኳቸው።

“ከማርቆስ ሲመለስ? ማርቆስ ማን ዘንድ ሄዶ?”

ከመካከላችን ለጠላት ወሬ የሚያቀብል እንዳለ ሁላችንም እንጠረጥር ነበር። የጀምበሩን ስም አላነሳሁም።

“እንግዲያውስ ገብቷል” አሉ። ለጠላት ያደረ ሰው ‘ገባ’ ነው የሚባለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስምዎ በዚሁ ተነሳ።

ደምለው ከሳምንት በኋላ “ሐኪሙ ሸጠን” እያለ ሞተ። እጁን ይዤ ነበር። በትኩሳቱ ይለፈልፋልና ለእሱም በጆሮው አልነገርኩትም።

እናትዎን እማማ ወለተ ኢየሱስን ሰው ሸሻቸው። ፍትሐት የሚያደርስልዎት ቄስ አልተገኘም። ገበያ ላይ ሳያቸው መንገድ እየቀየርኩ አለፍኳቸው።

ባለፈው መጋቢት ጠላት ማርቆስን ሲለቅ በማግስቱ ሄጄ ጀምበሩን አገኘሁት። መሞትዎን አልሰማም ነበር። አልቅሶ ሲያበቃ ቁይ ድረስ ተከተለኝ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ማርቆስ የሄዱት እሱ ዘንድ ለመድኃኒት እንደነበር ለሕዝቡ ሁሉ ተናገረ። ፊታውራሪ አንሙት ድንጋይ ተሸክመው ከእናትዎ እግር ሥር ወደቁ። ፍትሐቱ ደረሰ፤ ተዝካርዎም ወጣ። አገሩ ስምዎን በበጎ አነሳ።

ያን ዕለት እናትዎ እኔን ለብቻ ጠሩኝ።

“ያኔ ታውቂ ነበር?”

“አዎ፣ እማማ።”

“ልጄ ከዳ ብዬ እኔው እናቱ ስረግመው፣ ታውቂ ነበር?”

መሐላዬን ልነግራቸው ጀመርኩ። ሳልጨርስ ጥለውኝ ሄዱ።

ዛሬ ቁስለኛ ሲኖር የምጠራው እኔ ነኝ። ግራ ሲገባኝ የምጠይቀው ሰው ግን የለኝም። ጀምበሩ ከነልጆቹ በሕይወት አለ፤ በዚህ አልጸጸትም። ቢሆንም “ደግ አደረግሽ” ሊለኝ የሚችለው ሰው እርስዎ ብቻ ነበሩ።

ጠዋት ጠዋት ማገዶ ለቅሜ ከእናትዎ ደጅ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ሰሞን አውጥተው ይጥሉት ነበር። ዛሬ አስገብተውት በሩን ዘጉ። ግቢ አላሉኝም፤ ሂጂም አላሉኝም። ጥቂት ቆሜ ተመለስኩ። ነገም እወስዳለሁ።

እግዚአብሔር ነፍስዎን ያሳርፍልኝ።

ደቀ መዝሙርዎ
የብርጓል