በላይ ቄስ መኩሪያ፣ በታች ወንዙ

ማክሰኞ፣ ኅዳር ፱

ከሐሙሲት በኩል አንዲት እናት የመሬታቸውን ፋይል ፍለጋ የዞኑ መሬት መዝገብ ቢሯችን ድረስ መጡ። ድንበር ተገፍቶባቸው ሐሙስ ችሎት አለባቸው። የፋይል ቁጥራቸውን አያውቁም። «ልጄ፣ እኔ የማውቀው አዋሳኞቼን ነው፤ በላይ ቄስ መኩሪያ፣ በታች ወንዙ፣ በጎን የእህቴ ልጅ አላምረው» አሉኝ።

ኮምፒውተሩ ላይ የሠራሁት የፋይል መፈለጊያ ጥያቄን በሁለት መንገድ ያነባል። ጥብቁ መንገድ ቃል በቃል እንደተመዘገበው ካልሆነ አይቀበልም። መዝገቡ ደግሞ ምሥራቅና ምዕራብ እንጂ በላይና በታች አይልም፤ ምንም አልመጣም። ላላ ያለው ያገኘውን ሁሉ ይሰበስባል፤ የዞኑ ወንዝ ዳር መሬት በሙሉ ተግተለተለ። ኃላፊዬ ሁለቱን በአንድ ጥያቄ እንዳላደባልቅ ከልክሎኛል። አደባለቅኩ። ቀበሌያቸውን ጠይቄ ለጥብቁ፣ አዋሳኞቹን ለላላው ሰጠሁ። ሦስት ፋይል ብቻ ወጣ፤ ሁለተኛው የእሳቸው ነበር።

ኃላፊዬ ከኋላዬ ቆሞ ሲያይ ኖሯል። «ቢሳሳት ማን ሊጠየቅ ነው?» አለኝ።

«እኔ» አልኩት።

«ይሄን ማደባለቂያ ነገ አጥፊው» አለኝ።

አላጠፋውም። ከፈለገ ራሱ ያጥፋው። ከዚያ ቀጥሎ ለሚመጡት ሽማግሌ «መሬትዎ መዝገብ ላይ የለም» ብሎ ዓይን ዓይናቸውን እያየ ይንገራቸው።