ባሕር ያስጨመርሽን ዓርብ

ውድ ሹኩሪያ፣

ኮምቦልቻ በሰላም መግባትሽን፣ ታመው የተኙት አባትሽም ሲያዩሽ ቀና ብለው መቀመጣቸውን ጓደኛሽ ነዒማ ነገረችኝ። ተመስገን። መደወል እችል ነበር፤ ግን በስልክ ቀልድ ብቻ ነው የሚቀናኝ። ይሄን ሳልቀልድ ልነግርሽ ፈለግሁ።

ነዒማ ከምትሠሪበት ሰፈር ከሚርዲፍ አል ቁሰይስ ቤቴ ያመጣችሽን ዓርብ ታስታውሻለሽ? እኔ፣ ክብረትና ዩኑስ ዳይስ፣ ያንን ባለ ነጥብ ጠጠር፣ ስንወረውር አይተሽ «ቁማር ነው እንዴ?» አልሽ።

«አይደለም። እኔ ታሪክ እተርካለሁ፤ እናንተ ታሪኩ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ትሆናላችሁ። የምታደርጉትን ራሳችሁ ትወስናላችሁ፤ መሳካት አለመሳካቱን ዳይሱ ይናገራል» አልኩሽ። ይሄን ባልኩበት አፌ፣ ላንቺ የሚሆነውን እኔው መረጥኩልሽ፤ ቁስለኛ የምታክም መድኃኒት አዋቂ።

«ዋላሂ አልሆንም! ሳምንቱን ሙሉ የማዳምን እናት ሳገላብጥ ነው የምውለው። ዓርብም ላስታምም?»

«እሺ፣ ማን መሆን ትፈልጊያለሽ?»

«የመርከብ ካፒቴን።»

ዩኑስ ከት ብሎ ሳቀ። ጀበል አሊ ወደብ ኮንቴይነር ሲያወርድ ስለሚውል መርከብ የሱ ብቻ ይመስለዋል። እኔም ታሪኩ ተራራ ላይ እንደሆነ፣ ባሕር እንደሌለው ነገርኩሽ።

«የምትተርከው አንተ አይደለህ? ጨምርበት» አልሽኝ።

ጨመርኩበት።

ማዕበሉ ሲነሳ ያ ሰው የማይሰማው ድምፅሽ የት እንደገባ እንጃ። ብድግ ብለሽ «ዩኑስ፣ ሸራውን አውርድ! ክብረት፣ ውሃውን ቅዳ! ያላ!» ስትዪ፣ ያ ግዙፍ ዩኑስ ሳይታወቀው ከወንበሩ ተነሳ። ዳይሱ ግን ከዳሽ፤ መርከቧ ተሰነጠቀች። ክብረት «መንገደኛውን ትተን በጀልባ እናምልጥ» አለ። አንቺ «ካፒቴኗ እኔ ነኝ፤ ሁሉም ሳይወርድ አልወርድም» ብለሽ፣ ሰዉን አንድ በአንድ አሳልፈሽ ሰመጥሽ። ጨዋታ ነው። እኔን ግን ሰውነቴን ውርር አደረገኝ።

አባትሽ የታመሙ ጊዜ ማዳም «ሂጂ፤ ግን አገራችሁ ለሥራ መውጣት ከልክላለች፣ አትመለሺም» አለችሽ። እኛም እንዳትሄጂ ለመንንሽ። ዩኑስ «እገዳው እስኪነሳ ታገሺ። አንዴ አገር ከገባሽ ኸላስ፣ አበቃ ነው» አለሽ።

«መምጣቴን ደላላው ወሰነልኝ፤ የምሠራበትን ቤት ኤጀንሲው መረጠልኝ» አልሽው። «መሄዴን ግን የምወስነው እኔ ነኝ።»

ሄድሽ። ባንክ ቤት ከረባት አስሬ ለምውል ለእኔ፣ እንዲህ ያለ ድፍረት በዓይኔ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ባለፈው ዓርብ ሻርጃ የሴቶች ፀጉር ቤት የምትሠራ ሀሊማ የምትባል ልጅ መጣች። ማን መሆን እንደምትፈልግ ጠየቅኳት። ዳይሱን አንስታ ማገላበጥ ጀመረች። ክብረት ሊጠቁማት አፉን ሲከፍት ዩኑስ በክርኑ ጎሸመው። ሻያችን እስኪቀዘቅዝ ጠበቅናት።

በመጨረሻ ቀና ብላ «የፈለግኩትን ማንንም መሆን እችላለሁ?» አለች።

«ማንንም» አልናት፣ ሦስታችንም እኩል።

አባትሽን አላህ ጨርሶ ያሽርልሽ።

አድናቂሽ
ኪዳን፣ ከአል ቁሰይስ