ሁለት ሰው እንልካለን

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3፤ ከጠዋቱ አምስት ሰዓት ገደማ
ከስብሰባ ክፍሉ በር አጠገብ፣ ኮሪደሩ ላይ

...ከዚያ ካልሲሽን አውልቀሽ ማቀዝቀዣው አናት ላይ አሰጣሽው። ዝናቡ አበስብሶን ነበር። ክሊኒኩ ውስጥ ከእኛና ከክትባቶቹ በቀር ማንም የለም። እኔ የሙቀት መለኪያውን ሽቦ ይዤ ቆሜአለሁ፣ አንቺ ቁጥሩ ስልክሽ ላይ እስኪመጣ ትጠብቂያለሽ። አራት ዲግሪ። መጣ። የዚያን ጊዜ አንድ ነገር አልሽኝና ሳቅሁ። መሳቄ ትዝ ይለኛል፤ ያልሽኝ ግን ጠፍቶብኛል፣ ጠዋቱን ሙሉ ስፈልገው ነበር።

ሆዴ፣ እንደምን ሰነበትሽ። በእጄ ደብዳቤ ከጻፍኩ ዓመታት አልፈዋል፤ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ቢመስልሽ ታገሺኝ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነው። ስልክ አልደወልኩም። ስደውል ድምፄ ሌላ ነገር ይናገራል።

እናትሽ ደህና ናቸው። ጉልበታቸው ደረጃ ሲወጡ ብቻ ነው የሚያማቸው፤ ቢሆንም ቀኑን ሙሉ ሲወጡ ሲወርዱ ይውላሉ። ሰሞኑን ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። ባለፈው እሑድ ሳህን እያጠብኩ አጠገቤ ቆሙና፣ «ልጄ ትመጣለች ሲባል ፊትህ ይጠቁራል፣ አትመጣም ሲባልም ይጠቁራል። አንተን የሚያስደስትህ ምን ዓይነት ወሬ ነው?» አሉኝ። ሳህኑን ደግሜ አጠብኩት።

የመሥሪያ ቤታችንን ነገር ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ ወገን ሲታይ ምን እንደሚመስል ግን አታውቂም። መቶ ስልሳ ሦስት ክሊኒኮች አሉን። የእያንዳንዳቸው ማቀዝቀዣ በየሠላሳ ሴኮንዱ የሙቀት መጠኑን ይልካል። ያንን ሁሉ ሳያቋርጥ ተቀብሎ፣ ተራውን ጠብቆ ወደ እኛ የሚያፈስልን የዳታ ስትሪሚንግ አገልግሎት አንቺን ባሕር ማዶ ወስዶ የቀጠረው የዚያ ትንሽ ኩባንያ ሥራ ነበር። ዐምና ትልቁ ኩባንያ ጠቅልሎ ገዛውና ለሁሉም ክፍት የነበረውን የፕሮግራሙን ኮድ ቆለፈበት። አንቺና ስምንት ጓደኞችሽ ከመቆለፉ በፊት የነበረውን ቅጂ ይዛችሁ ወጣችሁ፤ በሌላ ስም፣ እንደ ድሮው ክፍት አድርጋችሁ ቀጠላችሁ። እኛ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰነድ ቀረበ፤ ከትልቁ ጋር መቆየት ወይም ከእናንተ ጋር መሄድ። ገምግም የተባልኩት እኔ ነኝ።

ትልቁ ኩባንያ በደብዳቤው ሦስተኛ ገጽ ላይ፣ በትንንሽ ፊደል፣ አንድ ነገር ጽፏል። የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥ ዳታውን እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ይዞ የሚያቆየውንና ማንቂያውን የሚያስጮኸውን ክፍል በመጪው ዓመት ያቆመዋል፤ የሚጠቀሙበት ደንበኞች ጥቂት ስለሆኑ። ጥቂቶቹ እኛ ነን። አርባ አንድ ክሊኒኮቻችን መስመራቸው ለሰዓታት ይጠፋል። በእነዚያ ሰዓታት ማቀዝቀዣ ቢሞቅ ማንም አያውቅም፤ የተበላሸ ክትባት ደግሞ መልኩ ከደህናው አይለይም። ያንን ክፍል የጻፍሽው አንቺ ነሽ፤ በእኛ ቤት፣ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ። እኔ አጠገብሽ ሽንኩርት እከትፍ ነበር።

ማንም ሰው የእናንተን ይመርጥ ነበር። እኔ ከመቶው ሠላሳ ስምንት ነጥብ ሰጠኋችሁ።

ምክንያቱን እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፤ «ሥራው በሁለት ሰዎች ትከሻ ላይ ያረፈ ነው።» ውሸት አይደለም፤ ከዘጠኛችሁ ያንን ክፍል የምትይዙት ሁለት ብቻ ናችሁ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ቶሎ አፍር ነበር።

ክፍት ኮድ የሚገመግም ሰው ኮዱ የተለጠፈበትን የኢንተርኔት ገጽ ማንበብ አለበት፤ ማን ለወጠው፣ ማን አረመው፣ ምን ተባባሉ። ሁሉም አደባባይ ላይ ነው። አንቺ ትጽፊያለሽ፣ እሱ ይመለከተዋል። ስሙን መጻፍ አልፈልግም፤ ፎቶው ላይ ኮፍያ ስላደረገ ለራሴ ባለ ኮፍያው እለዋለሁ። ቤት ውስጥ ኮፍያ ምን ይሠራል? ከያንዳንዱ ሥራሽ ሥር የእሱ ማስታወሻ አለ። «ይህ አልታየኝም ነበር።» «እንዴት ያምራል።» አንድ ቦታ ላይ ደግሞ፣ «መጀመሪያ ምሳሽን ብዪ፣ ከዚያ ታስተካክዪዋለሽ።»

እዚህ መስመር ላይ ሦስት ቀን ቆምኩ። አለመብላትሽን በምን አወቀ? የሰዓት ልዩነቱን አሰላሁ፤ አንቺ ዘንድ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ሥራ ሲይዝሽ ምሳ እንደምትረሺ ዐሥራ አንድ ዓመት አውቃለሁ። የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር ይህ እውቀት።

ለእኔ የምትልኪውን መልእክት ሁሉ በቃሌ አውቀዋለሁ። ደህና ነኝ፣ ሥራ በዝቷል፣ እደውላለሁ። ችግር ገጠመኝ ብሎ ለሚጠይቅሽ ለማታውቂው ሰው ግን አራት አንቀጽ ትጽፊለታለሽ። እና ምን አደረግሁ መሰለሽ። ለራሴ የሐሰት ስም አወጣሁ። «የክሊኒክ ቴክኒሻን» ብዬ ገጻችሁ ላይ ገባሁና ጥያቄ ጠየቅሁ። ሰዓት ሳይሞላ መለስሽልኝ። «አይዞህ፣ ይህ ስህተት ሁላችንንም አሳብዶናል» ብለሽ ጀመርሽ። አይዞህ ካልሽኝ ስንት ጊዜሽ ነው?

ደግሜ ጠየቅሁ። በአንድ ወር አምስት ጊዜ። የሌለ ብልሽት እየፈጠርኩ። መልስሽን ቢሮ ውስጥ አትሜ ኪሴ ውስጥ አደርገው ነበር፣ ምሳ ሰዓት ላይ አነበዋለሁ። ደስ አለኝ። ከዚያ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ይህ ቴክኒሻን ማነው? ምን ስላለው ነው እንዲህ የምትታገሺው? በፈጠርኩት ሰው ቀናሁ ስልሽ እየቀለድኩ አይደለም። በስድስተኛው የምር ችግር ገጠመንና የማቀዝቀዣውን የሙቀት መዝገብ እንዳለ ገልብጬ ለጠፍኩት። መዝገቡ ውስጥ የማቀዝቀዣው ስም አለ፤ እትዬ ኩርፊያ። ያለ ምክንያት ዝም ስለምትል ስሙን ያወጣሽላት አንቺ ነሽ። በዓለም ላይ እንዲህ የሚባል ማቀዝቀዣ አንድ ብቻ ነው።

ያየሁት ከለጠፍኩ በኋላ ነው። ላጠፋው ስሮጥ ስሙ ያለበት መስመር ከገጹ ጠፍቶ ነበር። «መስመሩን አንስቼዋለሁ፣ የመሥሪያ ቤት ነገር አደባባይ መውጣት የለበትም። አራተኛውን ቅንብር ሞክር» ብለሻል። ሌላ ምንም የለም። ለሁሉም ሰው እንዲህ ታደርጊ እንደሆነ አላውቅም። አራተኛውን ሞከርኩ፣ ሠራ። ከዚያ ወዲህ ቴክኒሻኑ ጥያቄ የለውም።

ባለፈው ሐሙስ ኃላፊያችን ጠራችኝ። ግምገማዬን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታለች። ወንበር ሳበችልኝ። ሌላ ሰው ቢሆን ለሚስቱ ያደላ ነበር፣ አንተ ግን ጨክነህ እውነቱን አስቀመጥክ፤ እንዲህ ያለ ሠራተኛ የት ይገኛል፤ በአንተ ቃል ከትልቁ ጋር እፈርማለሁ አለችኝ። ምን አልኩ? አመሰግናለሁ አልኩ። 

የእናንተን ሰነድ የመጨረሻ ገጽ እየደጋገምኩ አነባለሁ። «ለተከላው ሁለት ሰው እንልካለን፣ ለስድስት ሳምንት።» ከሥሩ ሁለት ስም፤ ያንቺና የእሱ። ከገጹ ሁሉ ያስፈራኝ ይሄ ነው። ክሊኒክ ለክሊኒክ ስትዞሩ፣ ሽቦውን እሱ ይዞ ቆሞ። ለእናትሽ ነገሩን በደፈናው አነሣሁላቸው፤ ምናልባት ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ትመጣ ይሆናል ብዬ። ወዲያው፣ እሱማ ሶፋው ያጥረዋል፣ ረጅም ነው አሉኝ። በምን አወቁ ብላቸው፣ ነግራኝ አሉ። ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና እንኳ አላሉም።

ዛሬ ጠዋት ሊፈርሙ ተሰበሰቡ። አምስት ሰዎች፣ የውሃ ጠርሙሶች፣ መስኮቱ የማይዘጋው ክፍል። ኃላፊዋ እስክሪብቶዋን ስታነሣ እጄን አወጣሁ።

«ነጥቡ የተሳሳተ ነው» አልኩ። «ዝቅ ያደረግሁት ቀንቼ ነው።»

የግዢ ክፍሉ ሰውዬ፣ ያ ሁልጊዜ የሚያዛጋው፣ ማዛጋቱን አቆመ። «በምን?» አለኝ።

«የሚስቴን ሥራ በሚያርመው ሰው።»

ቃለ ጉባኤው ላይ የጻፈው ይመስለኛል። ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። የተቆጣችኝ መስሎኝ ነበር፤ ያዘነችብኝ መሰለኝ ቆይቶ፣ ይሄ ይብሳል። «አሁን የምንነጋገረው ስለ አንተ ነው ወይስ ስለ ማቀዝቀዣዎቹ?» አለችኝ። ስለ አርባ አንድ ክሊኒኮች አልኩና የትልቁን ኩባንያ ደብዳቤ ሦስተኛ ገጽ ገልጬ ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግሁ። ሁለት ጊዜ አነበበችው። ገና ዛሬ ነው የምታየው። እኔ ነበርኩ ማሳየት የነበረብኝ። ሁለት ሰዎች ላይ የተንጠለጠለ ነው ያልከውስ፣ ውሸት ነበር? አለችኝ። አይደለም፣ እውነት ነው፤ ቢሆንም ኮዱ ክፍት ስለሆነ እኛም ተምረን ልንይዘው እንችላለን፣ የትልቁን ግን ብንፈልግም አንማረውም አልኩ። ያኔ ውጭ ጠብቅ አለችኝ።

ከተቀመጥኩ አርባ ደቂቃ ሆኖኛል። የንግግር ድምፅ ይሰማኛል፣ ቃሉ ግን አይለይም። ከትልቁ ጋር ከፈረሙ ክሊኒኮቹን ያጠፋኋቸው እኔ ነኝ። እናንተን ከመረጡ ሁለት ሰው ይመጣል። ወይም ሦስተኛ ነገር አለ፣ ሥራዬ። አሁን ከሦስቱ የምፈራውን እየፈለግሁ ነው፤ ደጋግሜ የማነበው ግን አንዱን ብቻ ነው።

ብትመጪ ቁልፍሽ እዚያው ቦታው ነው። አንሶላዎቹን እናትሽ አሳጥበዋል። ለእንግዳው ፍራሽ ከጎረቤት ልለምን ብዬ አስቤአለሁ፣ ረጅም ፍራሽ፤ ይህን ስጽፍ ጥርሴን ነክሼ ነው።

ጤናሽ አይጉደል። የጀመርሽው ይቃናልሽ፣ አብሮሽ የሚሠራውም ይቃናለት፤ ለሁለታችሁም ነው ያልኩት፣ አይቼዋለሁ፣ አልሰርዘውም።

ባልሽ

ገና ከወንበሩ አልተነሣሁም። አሁን በሩ ተከፈተና የግዢው ሰውዬ ብቅ አለ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየ። ሊናገር አፉን ሲከፍት ኃላፊዋ ከውስጥ ጠራችው። ተመልሶ ገባ፣ በሩንም ዘጋው።