«ይፍቱኝ» ያሉኝ ዕለት

ሐሙስ፣ ኅዳር 16 ቀን 1958 ዓ.ም.፣ ፍኖተ ሰላም

ከክሊኒክ ሥራዬ ጎን በፖስታ የምማረውን፣ ሰውን በድምፅ አፍዝዞ የማከሙን የሒፕኖሲስ ሕክምና ዛሬ ገና በሰው ላይ ሞከርኩት። እስካሁን የምለማመደው ከክፍሌ ግድግዳ ጋር ነበር፤ የከተማው ሰው «ድግምት ጀምሯል» እያለ ይሸሸኛል። የቡሬዋ እማማ ጥሩዬ ግን ልጃቸው ከሞተ ወዲህ እንቅልፍ አጥተዋልና እሺ አሉኝ።

ዓይናቸውን አስጨፍኜ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ ትምህርቱ እንደሚያዘው ቀስ እያልኩ አናገርኳቸው። ትከሻቸው ሲረግብ ደስ አለኝ። ከዚያ ልጃቸውን ሊሞት ሰሞን ረግመውት እንደነበር፣ ይህንንም ለማንም ተንፍሰው እንደማያውቁ በሹክሹክታ ነገሩኝ። ሲጨርሱ ነጠላቸውን አጣፍተው ጎንበስ አሉና «አባቴ፣ ይፍቱኝ» አሉ።

ሲመጡ «ልጄ» ነበር ያሉኝ። እንዲህ ሲባል ምን እንደሚመለስ ትምህርቱ አይናገርም።

«እማማ፣ እኔ ድሬሰር ነኝ እንጂ ቄስ አይደለሁም» አልኳቸው።

ዓይናቸውን ገልጠው ትክ ብለው አዩኝ።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ለማን ነው የነገርኩት?»

መልሴን ሳይጠብቁ ነጠላቸውን ሰብስበው ሄዱ።

ክፍሌ ገብቼ ብቻዬን ስቀመጥ ነው አፌ የተፈታው። ያንኑ ዝቅ ያለ ድምፄን አውጥቼ፣ «እግዚአብሔር ይፍታዎ» አልኩት፤ ግድግዳውን።