የአባዬ ሌላኛው ዓይን

ማክሰኞ፣ የካቲት 10

ዛሬ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። የሳልኩበትን ሸራ ወደ ግድግዳው አዞረዋለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ መልሼ አየዋለሁ።

ለእረፍት አባዬ ዘንድ፣ ሐይቅ ከተማ ከመጣሁ ጀምሮ በአፈር ቀለም መሳል እየሞከርኩ ነው። ከውኃው ዳር ያመጣሁትን ቀይ አፈር ነፍቼ በኮላ ለወስኩትና፣ አባዬ በረንዳ ላይ የዓሣ መረቡን ሲጠግን ከጎን በኩል ሳልኩት። አፈሩ የፊቱን ቆዳ ልክ አመጣልኝ። ደስ ብሎኝ፣ ና እይ ብዬ ጠራሁት።

ቆሞ ብዙ አየው። "ሌላው ዓይኔስ?" አለኝ።

"ከጎን እኮ ነው አባዬ፤ አይታይም።"

"ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ በአንድ ዓይን የሚሳለው ማን ነው? ይሁዳና ሰይጣን አይደሉም? ምን በደልኩሽ ልጄ?"

ሳቅሁ። መሳቅ አልነበረብኝም። መረቡን እዚያው ጥሎ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሁለተኛ ዓይን ልጨምርለት ሞከርኩ፤ ፊቱ ተጣመመብኝ፣ ፋቅሁት። ፊት ለፊት ልሳለው ብዬ አዲስ ሸራ አወጣሁ። ጆሮውን፣ ጉንጩን፣ አንገቱን ዓይኔን ጨፍኜም እስላቸዋለሁ። ሁለቱ ዓይኖቹ ግን ምን እንደሚመስሉ ጠፋኝ። ነርስነቱን ትቼ ሥዕል ትምህርት ቤት ከገባሁ ወዲህ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ሲያናግረኝ ሌላ ሌላውን ነው የሚያየው።

ዛሬ "ምን በደልኩሽ?" ሲለኝ ግን ወደ እኔ ዞሮ ነበር። ያኔ እኔ የማየው ሥዕሉን ነበር።