ሬንጅላንድ የምትባለው አገር

ውድ አባዬ፣

ሰው ፊት «አንቱ» እልህ ነበር፣ ቤት ስንገባ «አንተ»። ዛሬ ሰው ቢሰማም አንተ እልሃለሁ።

ከተለየኸን አንድ ዓመት ከአምስት ወር ሆነ። ቤቱ እንደነበረ ነው ብልህ ውሸት ይሆናል፤ ውሸት ደግሞ ከእንግዲህ አልነግርህም። እማዬ በበሩ አጠገብ ያለውን መደብህን ማንም እንዲቀመጥበት አትፈቅድም። ዳማዋ ባዝራህ ወልዳለች፤ ውርንጭላዋ እንደ እናቷ እልኸኛ ናት። ወንድሜ ይበልጣል እርሻውን ይዟል። እኔም ተመርቄ ዳንግላ፣ ወረዳው የእንስሳት ጽሕፈት ቤት ገብቻለሁ፤ የግጦሽና የመኖ ባለሙያ ይሉኛል። አዎ አባዬ፣ ዳንግላ ነኝ።

የዩኒቨርሲቲ ምደባ የወጣ ጊዜ ሐኪም ትሆናለች ብላችሁ ስትጠብቁ፣ የደረሰኝ የግጦሽ መሬትና የእንስሳት እርባታ ትምህርት ነበር። ሣር ልማር ነው ብዬ በአማርኛ መናገር አፈርኩ። እንግሊዝኛውን «ሬንጅላንድ» ብዬ ዘልዬ አለፍኩ። አንተ እንግላንድን በወሬ፣ ሆላንድን በላሞቿ ታውቃለህ፤ ሬንጅላንድም ሌላ የፈረንጅ አገር መሰለህ። በገበያ ቀን ጋሪ ላይ ተሳፍረን ወደ ዳንግላ ስንሄድ፣ ልጄ ባሕር ዳር ተምራ ሬንጅላንድ ልትሄድ ነው እያልክ ለመንገደኛው ሁሉ ነገርክ። አጠገብህ ተቀምጬ ዝም አልኩ። ደስታህ ደስ አለኝ፤ ኀፍረቴም ተሸፈነልኝ። «በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም» ትል ነበር፤ በእኔ የተዘጋ አፍ ግን አንድ ሙሉ አገር ገባ። ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ አራት ዓመት አለፈ።

ለዕረፍት ስመጣ መስካችን ላይ ተንበርክኬ የሣሩን ዓይነት ስቆጥር ታየኝ ነበር። ለእማዬ «አገሯን በዓይኗ ልትይዝ ነው» አልካት። ሬንጅላንድ ይበርዳል አሉ ብለህም ወፍራም ጋቢ አስፈተልካት። ክፍል ውስጥ መምህራችን መስክን ከልሎ ስለማሳረፍና በየተራ ስለማስጋጥ ሲያስረዳ፣ ሰኔ ሲገባ መስኩን የምትከለክለው፣ ሣሩ ዘሩን ሳይጥል ከብት ዝር እንዳይል የምትቆጣው አንተ ትታየኝ ነበር። አባቴም እኮ እንዲሁ ያደርጋል ልል እጄን አነሣና መልሼ አወርዳለሁ።

ከዚያ ግንቦት መጣ። ስትታመም እንዳትነግሯት አልክ፤ ፈተና ላይ ናት፣ ጉዞዋን ታሰናክሉባታላችሁ አልክ። ይበልጣል ሁለት ጊዜ ሊደውልልኝ ስልኩን ቢያነሣም፣ ሁለቴም ከለከልከው። በሦስተኛው ሲደውል አንተ አልነበርክም። ስደርስ ዳማዋ ኮርቻዋን እንደተጫነች ያላንተ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆማለች። ባሕር ዳር እኮ ነበርኩ፣ ሁለት ሰዓት በማይሞላ መንገድ፤ አንተ ግን ባሕር ማዶ እንደተሻገርኩ ቆጥረህ ብቻህን ሄድክ። በቤታችን ቋንቋ፣ በአገውኛ፣ እውነቱን በአንዲት ቃል ብነግርህ ኖሮ ታስጠራኝ ነበር። የሚያንገበግበኝ ይኼ ነው፣ አባዬ። እጅህን ሳልይዝ ቀረሁ።

አምና ይበልጣል መስኩን ዲከረንስ የሚባለውን የከሰል ዛፍ ሊተክልበት ተነሣ። አልፈረድኩበትም፤ ጎረቤቱ ሁሉ ተክሎ ከሰል እያከሰለ ነው። ተው ብለው፣ «አንቺ ሬንጅላንድ ሂያጅ ነሽ፣ ሣሩ ምን ያደርግልሻል?» አለኝ። ሙት ዓመትህ ዕለት፣ የሰንበቴ ማኅበርተኞችህ በልተው ሲያበቁ፣ እንደምንም ተነሥቼ ቆምኩ። ሬንጅላንድ አገር አይደለም፣ የግጦሽ መሬት ማለት ነው፤ አባቴን ያታለልኩት እኔ ነኝ አልኩ። መጀመሪያ በአማርኛ፣ ቀጥሎ አንተ ብትኖር በምትሰማበት በአገውኛ። አንዳንዱ ሳቀ። ጓደኛህ አያ ምናሉ ግን አልሳቁም። «እንግዲያስ አባትሽ ሬንጅላንድ ኖሮ ሬንጅላንድ ሞተ» አሉ።

እማዬ ጓዳ ገብታ ያንን ጋቢ ከሣጥን አወጣችና ትከሻዬ ላይ ጣለችው። ያን ጊዜ ነው፣ ቀብርህ ላይ እንቢ ያለኝ ልቅሶ የመጣው።

ይበልጣል ችግኙን ወደ ላይ፣ ወደ ጭንጫው መሬት ወሰደው። መስኩን ሰኔ ላይ እኔ ከለከልኩ፤ አሁን ሣሩ ጉልበቴን አልፏል፣ ነገ ይለቀቃል። ጋቢዬን ለብሼ በጠዋት እወርዳለሁ፤ ዳማዋን ከነውርንጭላዋ ከሁሉ በፊት አስገባለሁ። መስኩ በተከለከለና በተለቀቀ ቁጥር፣ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ መጀመሪያ የሚጠራው ያንተ ስም ይሆናል።

እዚያ ያሉት ዘመዶቻችን ልጅህ የት ደረሰች ብለው ከጠየቁህ፣ እንደ ድሮው ደረትህን ነፍተህ ሬንጅላንድ ናት በላቸው። አሁን እውነት ነው።

ልጅህ ጥሩወርቅ