ቆመን ስንጸልይ

እሑድ፣ ኅዳር 9 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ሴቻ

ዛሬ ቸርች ውስጥ አባዬን ጣልኩት። በእጄ አልገፋሁትም፤ ግን የጣልኩት እኔ ነኝ።

ጉባኤው በሙሉ ለጸሎት ቆሞ ሳለ እሱ ቁጭ አለ። የቸርቹ ሽማግሌ ሆኖ በጸሎት መሃል ሲቀመጥ ከኋላችን ያሉት ሁሉ የሚያዩን መሰለኝና አፈርኩ። ክንዱን ሳብ አድርጌ፣ «አባዬ፣ ተነስ እንጂ፤ ሰው እያየን ነው» አልኩት። አልመለሰልኝም። ቀና ብሎ አየኝና ራሱን ነቀነቀ። ደግሜ ሳብኩት። ተነሳ፤ ወዲያው ጉልበቱ ከዳውና ግንባሩ ከፊታችን ካለው አግዳሚ ወንበር ጋር ተላተመ።

ለካ ደረቱን ውግት አድርጎት ኪኒኑን ምላሱ ሥር አስቀምጦ ኖሯል። ያ ኪኒን የደም ሥሩን ከፍቶ ልቡን ያሳርፍለታል፤ የደም ግፊቱን ግን ያወርደዋል። ስለዚህ እስኪሻለው መቀመጥ አለበት። ሐኪሙ ይህን የነገረው ለእኔ ነው። ለአባዬ በጋሞኛ ያስረዳሁትም እኔው ነኝ። «ሟሙቶ እስኪያልቅ አፍህን እንዳትከፍት» ብዬዋለሁ። እሱማ ያልኩትን ነው ያደረገው።

አሁን አልጋው ላይ ጋደም ብሏል። ግንባሩ አብጧል። ምን እንደሚሰማው ስጠይቀው ራሱን እንደሚያመው ነገረኝ። ይቅርታ ልጠይቀው ስል ቀደመኝ።

«ኪኒኑ ነው» አለኝ። «ራስ እንደሚያሳምም አንቺው ነግረሽኝ የለም?»